ባዶ እጃችሁን አሳዩ፦ ለሲስተር በላይነሽ

ዛሬ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ «እውነት ነው እንዴ?» ያላለ አሰላ ውስጥ ማን አለ?

እኔም ብያለሁ። ለአንዱ ደወልኩ፣ ዘጋብኝ። ለሌላዋ ደወልኩ፣ እያለቀሰች አነሳች። አሁንም አላመንኩም። የትምህርት ቤታችን ነርስ ሲስተር በላይነሽ ትናንት ግንባሯን በድንጋይ ተመትታ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል አረፈች።

የሆነውን ላልሰማችሁ፦ የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በኳስ ተጣሉ። ከሜዳው እስከ ግቢው በር ድንጋይ ዘነበ። ዘበኛው ቤቱ ገብቶ ቆለፈ። መምህራን በመስኮት ጮሁ። እሷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መሃል ገባች። ጭንቅላቱ ተፈንክቶ የወደቀ ልጅ ነበር፤ ብብቱን ይዛ ስትጎትተው ድንጋዩ እሷን አገኛት። ልጁ ተርፏል።

በዕድሜ እናቴ ብትሆንም አንቺ የምላት ራሷ ስላዘዘችን ነው። «አንቱ ያለኝን ቁስሉን በአልኮል ነው የማጥብለት» ትል ነበር።

የትምህርት ቤት ነርስ ራስ ምታት ክኒን አዳይ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ሰልፍ ላይ የሚወድቀውን ማን ያነሳል? ሞዴስ አጥታ ሽንት ቤት ተቆልፋ የምታለቅሰዋን ማን ያስወጣል? አንድ ጊዜ መምህር በጎማ የገረፈውን ልጅ ጀርባ አክማ ስታበቃ፣ ልጁን ይዛ መምህራን ማረፊያ ገባች። «መምህር፣ የእጅ ሥራህን አሁን አሽጌ መጣሁ፤ ና እይልኝ» አለችው ሁሉም እየሰማ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

የኔ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ክፍል ውስጥ ጣለኝ። ልጆቹ ሁላችንም ስናይ እንዳደግነው ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉ፣ ጭሱ ያነቃታል ብለው። ክፉ አስበው አይደለም። ግን ከንፈሬ ተቃጠለ፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

ሲስተር በሩን በእግሯ በርግዳ ገባች አሉ። ክብሪት የያዘውን እጅ በጥፊ ስትለው እንጨቶቹ እስከ ሰሌዳው ተበተኑ።

«ሰው ናት እንጂ ሻማ ናት? በጎኗ አስተኟት! ዞር በሉ፣ አየር ትሳብ!»

ስነቃ ጭንቅላቴ እሷ ጭን ላይ ነበር። ክብሪት ጫሪው አሁንም ሊያስረዳት ይሞክራል። «ጅኒ ነው እኮ ሲስተር!»

«ጅኒስ አንተ! ልጅቷን በቁሟ ልትጠብሳት የነበርከው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከንፈሬ እየነደደ ሳቅኩ።

መድኃኒቴን ሳላፍር እንድውጥ ያስለመደችኝ እሷ ናት። ዘንድሮ በነርስነት ተመረቅኩ፣ ምደባ እየጠበቅኩ ነው። «አጠገብሽ ነው የምመደበው» ስላት፣ «መጀመሪያ ክሊኒኬን ከሰባራ ዴስክ አስለቅቂልኝ፣ ቆማ የምታክም ነርስ አንድ ትበቃለች» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የክፍሏ ግማሽ የዴስክ መጋዘን ነው።

አንድ ሕግ ነበራት። ተደባድቦ የመጣ ሁሉ በሩ ላይ ይቆማል።

«እጅህን አሳየኝ! ሀርከ ኬ ነ አርጊሲሲ!» አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር በአማርኛም በኦሮምኛም።

ደሙ ፊቱ ላይ እየወረደ ድንጋይ ጨብጦ የሚመጣ ነበር። «ሲስተር፣ ደሜ አለቀ እኮ!» ይላል። «እኔማ ፋሻዬን ይዣለሁ፤ አንተን ነው የምጠብቀው» ትላለች። እየተነጫነጨ በሩ ሥር ይጥለዋል። በእነዚያ ድንጋዮች የአበባ መደቧን ዙሪያውን አጠረች። የመቺውም የተመቺውም ድንጋይ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ሄዳችሁ እዩት፣ አለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ዛሬ መሞቷን ስሰማ ከደጃችን ድንጋይ አንስቼ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አውቅ ነበር። የወረወረውን ልጅ ቤት እናንተም ታውቃላችሁ፤ ፎቶውን በየቴሌግራም ግሩፑ ለጥፋችሁታል። «ነገ ከቀብር ቀጥታ ወደዛ ነን»፣ «ቤቱ አያድርም» እያላችሁ ነው። እኔ እስከ ነገ እንኳን መጠበቅ አልቻልኩም። የሆነ ነገር ሲሰበር መስማት ፈልጌ ነበር። መስኮት፣ ጥርስ፣ ምንም ይሁን።

መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ያ ክብሪት የጫረው ልጅ ነው፣ አሁን ሹፌር ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ በቀልድ የሚጠራኝ ስም አለው።

«ሲስተር፣ ወዴት ነው?»

እጄን አየሁት። ጣቶቼ ድንጋዩን አልለቅ ብለው ነበር። እሱም አየው። ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ድንጋዩን የአበባ መደቧ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀምጬ ጮህኩ።

የወረወረው ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ፍርድ ቤት ይጠይቀው። እናንተ የምትሄዱበት ቤት ያሉት እናቱና ታናሽ እህቱ ናቸው። እህቱ እዚያው እኛ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ናት። ነገ ብትፈነክቷት ማን ሊያሽግላት ነው? ክሊኒኩ እኮ ተቆልፏል።

ሲስተርዬ፣ ዴስኮቹን አስወጣቸዋለሁ። ቁልፉን እስኪሰጡኝ ዳይሬክተሩ በር ላይ ነኝ፣ በደመወዝም ይሁን በነፃ። አንቺ ግን አሁን አረፍ በይ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የኖርሽው። ደህና ሁኚልኝ። እጄን እዪው፣ ባዶ ነው።

ነገ ለቀብር የምትመጡ፣ የተከፈተ እጃችሁን ፎቶ አንስታችሁ እዚህ ሥር ለጥፉ። የመጀመሪያው የኔ ነው፣ ሁለተኛው የባጃጁ ሹፌር። ሦስተኛው የማን ነው?