የተረኛው ጣሳ

ዛሬ ጠዋት ነፋሱ ሲነሳ የቤቴ በር ላይ ቅጭል ቅጭል አለ። አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ያልሰማሁ መሰልኩ። ጆሮዬ እንደ ጉልበቴ ቢከዳኝ ኖሮ ተመልሼ በተኛሁ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ከሰውነቴ ደህና የቀረው እሱ ብቻ ነው። የሰርዲን ጣሳ የቆርቆሮ በር ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ ከስልሳ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። ተረኛ ነህ ማለት ነው።

ጣሳውን መጀመሪያ ያመጣችው እትዬ ስንዱ ናት። እኔ ልጅ ሳለሁ በዚህች የወደብ ከተማ ካርቲየ 2 የሚሉት ሰፈር ጎረቤታችን ነበረች፤ ረጅም፣ ፍንጭት፣ ቀሚሷ ሁልጊዜ ላምባ ላምባ የሚሸት። ፈረንሳዮች ቤት ስታገለግል ኖራ፣ ማዳሟ አገሯ ስትገባ በላምባ የሚሠራ አሮጌ ፍሪጅ ትታላት ሄደች። በሰፈሩ ሌላ አልነበረም።

"በረዶ ሽጪበት እንጂ፣ በዓመቱ ፎቅ ትሠሪያለሽ" አሏት።

"ብቻዬን ቀዝቅዤ ምን ልሆን?" አለችና ፍሪጁን ከቤቷ አስወጥታ የግቢው በረንዳ ላይ አቆመችው። ቁልፉን ከሰርዲን ጣሳ ጋር በሲባጎ አሰረችው። ጣሳው የተንጠለጠለበት ቤት የዚያን ቀን ላምባውን ይሞላል፣ ክሩን ያስተካክላል፣ በረዶውን ለሐበሻውም ለሶማሌውም ለአፋሩም ለዐረቡም ያድላል፤ ሲመሽ ጣሳውን ወደሚቀጥለው በር ያዞራል።

ሐምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከተማውን በሚጠብስበት ሰሞን ተራው እኛ ቤት ደረሰ። እናቴ ገበያ ስትሄድ ቁልፉን ሰረቅሁና ተንበርክኬ ጭንቅላቴን ፍሪጁ ውስጥ ከተትኩ። ያኔም ጭንቅላቴ ለሌላ ነገር አይፈለግም ነበር። እንደዚያው እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ በረዶው ውሃ ሆኖ በአንገቴ ይወርዳል። ሶማሌዋ ጎረቤታችን ሐዋ በትኩሳት የሚነድ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ባዶ ሳህን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

"በረዶ የለም?" አለች። እኔን ሳይሆን ፍሪጁን ነበር የምትጠይቀው።

እትዬ ስንዱ ደረሰች። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ወደ ወደቡ ሮጠች፤ ዓሣ ነጋዴዎቹን ለምና፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት በረዶ በሻሽዋ ቋጥራ ተመለሰች። ሴቶቹ ሕፃኑን እየተቀባበሉ ግንባሩን ሲያቀዘቅዙ ዋሉ። ዝም ብሎ የዋለው ልጅ አመሻሽ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ሐዋ የሳቀችው ያኔ ነው።

እኔ አርጩሜ ስጠብቅ እትዬ ስንዱ ጣሳውን አንገቴ ላይ አጠለቀችው።

"ነገም ተረኛው አንተ ነህ።"

"ኧረ ስንዱ፣ ልጅ እኮ ነው! የራሱ በር የለውም" አለች እናቴ።

"አንገት አለው።"

በማግስቱ ለሐዋ የመጀመሪያውን በረዶ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የጣሳው ጠርዝ ደረቴን ቧጨረኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ እያልኩ ለሰው አሳያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያ ከብስክሌት የወደቅሁበት ነው።

እትዬ ስንዱ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ። ፍሪጁ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኗል፤ ውሃውን የሚጠጡት ወደ የመን ሊሻገሩ የመጡ፣ ከንፈራቸው የተሰነጣጠቀ ያገር ልጆች ናቸው። አንድ ድርጅት ሊረዳን መጥቶ "ፕሬዚዳንታችሁ ማነው?" ቢለን "ዛሬ ጣሳው ያለበት በር" አልነው። ቅጹ ላይ ለበር የሚሆን ቦታ የለም ብሎ ሄደ። በሮቹም ተመናመኑ፤ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ልጆቹ ዘንድ ገባ፣ አራት ቀረን። የእኔ ጉልበት ደግሞ አንድ ጀሪካን ካነሳሁ ሦስት ቀን ያኮርፈኛል። ዛሬ ጣሳውን መልሼ በቃኝ ልል ቆርጬ ተነሳሁ።

በሩን ስከፍት ሰናይት ቆማለች፤ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ የምትወጣ ልጅ። ከተማው የገባች ቀን የጠጣችው ከዚሁ ፍሪጅ ነው።

"አባባ፣ ዓርብ ዓርብ እኔ ተረኛ ልሁን?"

"ጣሳውንስ የት ላንጠልጥልልሽ?"

አቀረቀረች። "እሱማ... የራሴ በር የለኝም።"

ጣሳውን ከምስማሩ አወረድኩ። ሲባጎውን ለአንገት እንዲበቃ አስረዘምኩት።

"ቀና በይ እስቲ" አልኳት።