የእትዬ የሺአረግ ለጋ ቅቤ

እትዬ የሺአረግ አምስት ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው፤ ስለዚህ ስለ ሕፃን አያያዝ ማንም እንዲያስተምራቸው አይወዱም። መምህሩ ልጃቸው አሳምነው ነቀምቴ ላይ የመጀመሪያ ልጁን ማግኘቱን ሲሰሙ፣ ከጊዳ አያና የሚወስደው መንገድ ሰላም መሆኑን ሦስት ሾፌር ጠይቀው፣ የገብስ ዱቄትና በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው ተሳፈሩ። አራሷን ጠይቀው ሊመለሱ አይደለም፤ ሊያርሷት ነው የመጡት።

አራሷ ሌንሳ የነቀምቴ ልጅ ናት። እናቷ አዴ ድርቤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቤታቸው እዚያው ሰፈር ስለሆነ በየቀኑ ይመጣሉ። እትዬ የሺአረግ በገቡ ዕለት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉ አዴ ድርቤ ፈገግ ብለው «አሜን፣ ጌታ ይመስገን» አሉ። ክፋት አልነበረውም። እትዬ የሺአረግ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለፈተና የተቀመጡ መሰላቸው። ገንፎው ሲቀርብ እንኳ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አስተካክለው የሚያዩት እርማት ሊሰጡበት ይመስል ነበር።

ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ነርሷ «እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ፤ ውሃም ቢሆን» ብላ ነበር። አሳምነው ይህንኑ ለእናቱ ነገራቸው።

«ቅቤስ?» አሉ።

«እማዬ፣ ምንም ነው ያለችው።»

«እሺ» አሉ እትዬ የሺአረግ። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል። ቅቤ ያልዋጠ ሕፃን አንጀቱ እንደሚደርቅ እናታቸው ነግረዋቸዋል፤ ለእናታቸውም እናታቸው። ነርሷ የትናንት ልጅ ናት። ሌንሳ ልትታጠብ ስትገባ ጠብቀው፣ ሽምብራ የምታህል ቅቤ በጣታቸው አቅልጠው ሕፃኑን አስዋጡት። አፉን አጣጣመ። በማግስቱም አስዋጡት፣ በሦስተኛውም ቀን። ማንም በሌለበት «የአያት ልጅ» እያሉ ያጫውቱት ነበር።

በአራተኛው ቀን ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ፣ እጆቹ ተወጠሩ። እትዬ የሺአረግ በሆዱ ገልብጠው ጀርባውን ቸብ ቸብ ሲያደርጉለት አለቀሰ። ሌንሳ ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ወጥታ «ምን ሆነ?» አለች። «ርቦት ነው» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ሕፃኑን ሳል ጀመረው። በማግስቱ ጡት ይይዝና ይተዋል፤ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። አሳምነው ብርድ ነው አለ። አዴ ድርቤ እጃቸውን ሕፃኑ ላይ ጭነው «ያ ዋቀዮ» እያሉ ጸለዩ። እትዬ የሺአረግ መስኮቱን ዘጉ፣ ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። መስኮቱ ምንም እንዳላጠፋ ግን ያውቁ ነበር።

ቀትር ላይ በባጃጅ ሆስፒታል ይዘውት ሄዱ። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና «ከጡት ሌላ የቀመሰው ነገር አለ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም» አለች ሌንሳ።

«ትን ብሎት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

እትዬ የሺአረግ በሩ ጋ ቆመዋል። ቢናገሩ ሌንሳ ዳግመኛ ሕፃኑን አታስነካቸውም። አሳምነው በእናቱና በሚስቱ መሐል ይቀራል። በዚያ ላይ አዴ ድርቤ አሉ። በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን፣ የአንድ ሰው ጥፋት የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ «የእነሱ ወገን» ይባላል። ደግሞስ ሰውዬው ሐኪም አይደለም እንዴ፤ ራሱ ፈልጎ ያግኘው።

ሐኪሙ መጻፍ ሲጀምር ሕፃኑ ሳለ። ያችን ሳል እትዬ የሺአረግ ያውቋታል። አምስት አሳደጉ እንጂ የወለዱትስ ሰባት ነበር። ሁለቱ በአራስነታቸው እንዲህ ስለው ስለው ነው የሄዱት። አገሩ ሁሉ «ምች ነው» አለ፣ እሳቸውም ምች ነው ብለው ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ሁለቱንም ቅቤ አስውጠዋቸው ነበር።

ከበሩ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ ተጠጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ቅቤ አስውጬዋለሁ፣ አራት ቀን። ትን ብሎታል። ደብቄ ነው።»

ሌንሳ ዞራ አየቻቸውና ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ አቀፈችው። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ሐኪሙ መጻፉን ትቶ ተነሣ። «ቅባቱ ሳንባው ገብቶ ይሆናል፤ መናገርዎ ጥሩ ነው» አለና ሕፃኑን ኦክስጅን ወዳለበት ክፍል አስገባው።

ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ውጭ ሆነው ሁሉን የሰሙት አዴ ድርቤ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። እትዬ የሺአረግ እርማቱን ጠበቁ።

«አፉ ቅቤ ቅቤ ሸቶኝ ነበር» አሉ አዴ ድርቤ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሁለተኛው ቀን። የኔም ልጆች ያደጉት በዚያው ነውና ዝም አልኩ። አስተማሪ ነኝ እያልኩ አፌን መክፈት አቃተኝ፣ አዴ የሺ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የልጅ ልጁን በሽታ የደበቀ ምን እንደሚሆን ግን የነገረን የለም።

ሕፃኑ ስድስት ቀን ተኛ። እትዬ የሺአረግ አጥሚት እያፈሉ፣ ጨርቅ እያጠቡ ሲመላለሱ ከክፍሉ ደፍ አላለፉም፤ ግቡም አትግቡም ያላቸው ሰው አልነበረም። ሌንሳ የሚያመጡትን ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፤ ቀና ብላ ግን አታያቸውም። በአራተኛው ቀን ሕፃኑ እስኪጠግብ ጠባ። ይህን የሰሙት ከአንዲት ነርስ ነው። እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ለማን እንደሚያለቅሱ ለይተው አላወቁም፣ ለሦስቱም ይሆናል።

ቤት በተመለሱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌንሳ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች እያንቀላፋች ነበር። እትዬ የሺአረግ አጥሚቱን አስቀምጠው ሊወጡ ሲሉ ሕፃኑን ወደ እሳቸው ዘረጋች።

«ይያዙልኝ፣ እማ። ትንሽ ልተኛ።»

እትዬ የሺአረግ እጃቸውን ዘረጉ፣ መልሰው ሰበሰቡት።

«እሺ ልጄ» አሉ። «እንዴት አድርጌ ልያዘው?»