የውሃ ሐኪሙ የጠጣው ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። የውሃ ናሙና የመሰብሰብ ሥራ ከያዘች ወር አልሞላትም። «ጋሼ፣ የጉድጓዱ ባለቤቶች ካልጠጣሽ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «እምቢ በይ፤ ቢቀየሙሽም እምቢ በይ» አልኳት።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ በየወሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርድ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ሹራብ ያስለብሳል፤ ከደብረ ሲና ቆሎዬን ይዤ ቁልቁል ስወርድ ሹራቡ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሸሚዙም ይከብደኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሽንኩርት ማሳዎቹ ጀርባ፣ ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት በበርሜል የተቀበረበት የታጠረ ቦታ ነበር። በርሜሎቹ ዝገው ማፍሰሳቸው ስለታወቀ፣ መርዙ በመሬት ውስጥ ወደ ሰው ውሃ እየሄደ እንደሆነ ለማየት ዙሪያውን ቱቦዎች ተተክለዋል። የእኔ ሥራ ከቱቦዎቹና በአቅራቢያው ካሉት ጉድጓዶች ውሃ ቀድቶ፣ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልቶ፣ በበረዶ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ ነበር።

ለአጥሩ የሚቀርበው ጉድጓድ የእትዬ ዘሃራ ነው። የእሳቸው ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ባለቤታቸው ሲሞቱ ሰደቃ ይሁናቸው ብለው ያስቆፈሩት ነው፤ መንገደኛ በጠጣ ቁጥር ምንዳው ለሟቹ ይደርሳል። ለእኔም በሄድኩ ቁጥር «የውሃ ሐኪሙ» እያሉ በጣሳ ይሰጡኝ ነበር። ውጤቱ ሳይታወቅ እንዳልቀምስ የተነገረኝን አልረሳሁም። ግን ያን ሁሉ ሙቀት አይተው በሁለት እጃቸው ሲያቀርቡልኝ እምቢ የምልበት አንጀት ከየት ይምጣ? ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለብኝ። በሦስተኛው ወር ሽታ ቢጤ አፍንጫዬን መታው። ጣሳውን ጨርሼ «እንዴት ይጣፍጣል» አልኩ።

የላቦራቶሪው ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር የሦስቱም ወር ውጤት ባንድ ቀን ወጣ። የእትዬ ዘሃራ ጉድጓድ መርዙ አለበት። ወረቀቱን ይዤ ሆዴን ዳበስኩ፤ ሦስት ጣሳ ጠጥቻለሁ። አለቃዬ ስህተት ሊኖር ስለሚችል ናሙናው ተደግሞ እስኪረጋገጥ ድረስ አፌን እንድዘጋ አስጠነቀቀኝ።

በማግሥቱ ወረድኩ። ወሩ ረመዳን ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ስደርስ የጉድጓዱ ዙሪያ በቢጫ ጀሪካን ተሞልቷል። እዚያ እንዲህ ያለ ወረፋ አይቼ አላውቅም። ምን ተገኘ ብዬ እትዬ ዘሃራን ጠየቅኳቸው።

«ሽታ አለው ብለው ትተውት ወንዝ ይወርዱ ነበር» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «የውሃ ሐኪሙ ሦስቴ ጠጥቶታል፣ እሱ ያልፈራውን እኛ ምን ያስፈራናል ብዬ ነገርኳቸው። ይኸው ተመለሱልኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ናሙናዬን ቀዳሁ፤ የጠርሙሱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩ። ለሥራዬ ፈራሁ፤ ለሆዴም ፈራሁ። የባሰው ግን ወረፋው ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ማየቴ ነበር። ጀሪካኗ ሞልቷል። የማፍጠሪያው ሰዓት መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እትዬ ዘሃራ ተምርና ውሃ አቅርበው አብሬያቸው እንድቀመጥ ጋበዙኝ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይሄን ውሃ ማንም እንዳይጠጣ ንገሯቸው። መርዝ ገብቶበታል።»

«አንተ ጠጥተህ የለም እንዴ?»

«ንጹሕ መሆኑን አውቄ አይደለም የጠጣሁት። አንቱን እምቢ ለማለት አፍሬ ነው።»

ጣሳውን አንሥተው ውሃውን አሸተቱት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እስከ ዛሬ የጠጡትስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ለሟቹ የተጻፈላቸው ምንዳ ነው ወይስ ወንጀል?»

መልሴን ሳይጠብቁ ተነሥተው የባልዲውን ገመድ ፈቱና ጠቅልለው ወደ ቤት አስገቡት። ከዚያ ከሰው ወደ ሰው እየሄዱ ውሃውን አስደፉ። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው የቀዳውን ውሃ ሲደፋ ማየት ከባድ ነው። ባጃጅ ከከተማ የቧንቧ ውሃ እስኪያመጣ አዛን አለፈ፤ ሰዉ ተምሩን በደረቁ እያኘከ ጠበቀ። ቀድመው ቀድተው ወደሄዱት ቤቶችም ሰው ተላከ። ሁሉም ጋ በጊዜ መድረሱን አላውቅም።

የተደገመውም ውጤት ያው ሆነና ጉድጓዱ ታሸገ። እኔ ለዓመታት ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር ያቺን ጣሳ እያሰብኩ ሐኪም ቤት ሮጫለሁ። ምንም አልተገኘብኝም።

የእህቴ ልጅ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የዚያን ዘመን ደብተሬን አውጥቼ አገላበጥኩ። የጠርሙሱ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የውሃው ጥልቀትና ሙቀት ሁሉም በጥሩ ጽሕፈት ሰፍሯል። እኔን አምነው የጠጡት ሰዎች ስም ግን አንድም ቦታ የለም። የዚያችን ነፍሰ ጡር ስም አልጠየቅኩም፤ ዛሬ ልፈልጋት ብነሣ ማን ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም።