የጠፋው አሮጌ ከርነል

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ቀስበሉን በቅጡ ታውቀዋለች ማለት አይቻልም። ለዓመታት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሠርተዋል። የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆኑን፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣቱን፣ ሰው ሲያጣድፈው «ቀስ በሉ» ማለቱንና ቅጽል ስሙም ከዚያ መውጣቱን ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም። ሥራ መልቀቁን እንኳ የሰማችው እንደ ማንም ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው። ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝቷል አሉ፤ እዚህ በጨረሰ ማግስት እዚያ ካልተገኘ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት የሕመምተኞች መረጃ ሁሉ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር አልነሳ አለ። ቀስበሉ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍሉ ተቀምጦ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጧል።

«ምን ነካው?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«ትናንት ከርነሉን በአዲስ ቀይሬው ነበር። ለተረካቢው አዲስ ነገር ላስረክብ ብዬ።»

«ከርነል ደግሞ ምንድነው?»

«ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነቃው እሱ ነው። እሱ ካልነቃ ሌላው ሁሉ እንደተኛ ይቀራል። አዲሱ ደግሞ ይሄን አሮጌ ዲስክ አላውቀውም ብሏል።»

«አምናም እንዲህ ሆኖ ‹የድሮውን ልምረጥ› ብለህ ሻይህ ሳይበርድ አስነሳኸው አይደል?»

«የድሮው የለም። አጠፋሁት።»

ይህ ሰው የተሰበረ ማውዝ እንኳ መጣል አይሆንለትም፤ መሳቢያው አይዘጋም። አዲሱ እስኪታመን አሮጌው አይነካም እያለ ሰውን ሁሉ ያሰለቸው እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እያለከለኩ መጥተው በሩን ሞሉት። «ወንድሜ፣ ውጭ ያለው ወረፋ አናቴ ላይ ሊወጣ ነው። ይሄ ሳይነሳ መልቀቂያህን አልፈርምም።»

ቀስበሉ ቀስ በሉ አላለም። እሳቸው በሩ ላይ፣ እሷ ወደ ውስጥ ተገፍታ ግድግዳው ላይ፣ እሱ መሃል፤ ክፍሏ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ነው። ፍላሽ ሰካና በእሱ በኩል ማሽኑን አስነሳ። ዲስኩን ከፈተው፤ የሕመምተኞቹ መረጃ አንድም አልጎደለም። ከዚያ አሮጌውን ከርነል ከኢንተርኔት አውርዶ መልሶ ጫነው። ፍላሹን ነቅሎ ማሽኑን ደግሞ ሲያስነሳው የተለመደው ገጽ ብቅ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ግንባራቸውን ጠረጉ። «አየህ? አንተ ሄደህ እንዲህ ቢሆን ማን አባቱ ያስነሳዋል? ተረካቢው እስኪለምድ ትንሽ ቆይልን።»

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ እንዲከራከር ጠበቀች። ነገ ካልሄደ መቼም አይሄድም።

«እሺ፣» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወጡ። እሷ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«አሮጌውን ለምን አጠፋኸው?»

«ቦታ አጣብቦ።»

«እሱን ለእሳቸው ንገራቸው። መሄዱን ፈርተህ ነው?»

የተነቀለውን ፍላሽ በጣቶቹ አገላበጠው።

«እሱን ተይኝ፣ እህቴ፣» አላት።