እርማት፣ በፊተኛው ገጽ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ነቀምቴ ውስጥ አንድ የጽሕፈት ሥራ ቤት ነበር የምሠራው። አንድ ሰው ያመጣውን የአቤቱታ ወረቀት አባዛሁለት። አላነበብኩትም ብዬ ማልኩ። አንብቤዋለሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ዝናብ ሲመጣ ዓይን ያቃጥላል። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሴቶች ሆንን። መስኮቱ ሥር አንዲት ባልቴት የሚያማቸውን ጉልበት ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሁሉም አዮ ይሏቸዋል፤ እናት ማለት ነው።

«ነይ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ። አንቺስ በምን መጣሽ?»

«በፎቶ ኮፒ።»

ሳቁ። «እኔም የጀመርኩት በማባዛት ነው።»

በአካባቢያቸው የመጀመሪያውን ጋዜጣ ያወጡት እሳቸው መሆናቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት። አራት ገጽ ነበረች። በስቴንስል ጽፈው፣ የማባዣውን እጀታ በእጃቸው እያዞሩ ያትሟታል፤ በዙሪያው ወዳሉት ከተሞች፣ ወደ ዲጋና ወደ ቢላ፣ በአውቶቡስ ሾፌሮች ይልኳታል። መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ በእግራቸው ይዘዋት ይሄዳሉ። ማንበብ የማይችለው ሰው ብዙ ስለነበር ገበያ መሃል ቆመው ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ።

እኛ ጋ ወረቀትም እስክሪብቶም ክልክል ነው። አዮ ግን ጋዜጣቸውን አላቋረጡም። ጠዋት የእስረኛ ቆጠራው እንዳለቀ «እህ፣ ምን አለ?» ይላሉ። ያየነውን እንናገራለን። «ማን አየ? አንቺ ራስሽ?» ብለው ያፋጥጡናል። ከዚያ ትልቁን ዜና ፊት፣ ትንሹን ኋላ አድርገው በቃላቸው ያነቡልናል። የአንዷ ሻሽ መጥፋት ራሱ ዜና ነበር። የሌባዋ መገኘት ደግሞ ልዩ እትም።

በሁለተኛው ሳምንት ውኃ ልቀዳ ወደ ቧንቧው ስሄድ ጠባቂው በስልክ «ሐሙስ ይፈታሉ» ሲል ሰማሁ። እነማን እንደሆኑ አልሰማሁም። አዮ ጋ ስደርስ ግን «ጠባቂው ሐሙስ ትፈታላችሁ አለኝ» አልኳቸው።

«ለአንቺ? በአፉ?»

«በአፉ።»

ፊት ገጽ ላይ ወጣ። ሴቶቹ ተቃቀፉ። ከመካከላችን አንዷ ከቢላ ናት፤ የሁለት ዓመት ልጇን እህቷ ጋ ትታ ነው የታሰረችው። ረቡዕ እህትየው ስንቅ ይዛ መጣችና ቅዳሜ ልጅቷን አመጣታለሁ አለቻት። ሕፃን የሚገባው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው። የቢላዋ ሴት «ምን ያንከራትታታል? ነገ እኔው እመጣለሁ» ብላ መለሰቻት።

ሐሙስ ከወንዶቹ በኩል ሦስት ሰዎች ተፈቱ። የእኛ በር አልተከፈተም። ቅዳሜ የቢላዋ ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች። እኔ «ውሸታም ጠባቂ!» አልኩ። ሁለቴ አልኩት።

እሑድ ጠዋት አዮ «ዛሬ እርማት አለ» አሉ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ የዲጋ ሰው ነገሩን። አንድ ጊዜ ሳያጣሩ ሞተ ብለው ጻፉበት። ሰውየው ጋዜጣዋን ይዞ ነቀምቴ ድረስ መጣ።

«‹አንቺ ልጅ፣ በገዛ ልቅሶዬ ድንኳን ገብቼ ንፍሮ በላሁ› አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። እናቱ ደንግጣ አልጋ ይዛ ነበር። መሞቱን ያወጣሁት ፊት ገጽ ላይ ነው፤ እርማቱንም እዚያው፣ በዚያው ልክ አወጣሁት። ከዚያ ዲጋ ሄጄ ገበያ መሃል አነበብኩት። እሱም ሰው እንዲያየው አጠገቤ ቆመ።»

አንዷ ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

«የሐሙሱን ዜና ያነበብኩት እኔ ነኝ» ቀጠሉ አዮ። «ጋዜጣውም የእኔ ነው። እርማቱን እኔ አነባለሁ።» ግድግዳውን ይዘው ሊነሱ ሞከሩ። ጉልበታቸው እንቢ አለ። እንደገና ሞከሩ። ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይቀመጡ አዮ» ብዬ ተነሳሁ።

«ጠባቂው ነገረኝ ብያለሁ። አልነገረኝም። በስልክ ሲያወራ ግማሹን ሰማሁ፤ ግማሹን እኔ ጨመርኩ። ውሸታም ያልኩት እሱን ነው። ውሸታሟ እኔ ነኝ።»

የቢላዋ ሴት ከግድግዳው ዞረች። «ልጄ ቅዳሜ ልትመጣ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«እሱንም ጨምሪበት።»

አዮን አየኋቸው።

«በዚህ ዜና ምክንያት» አልኩ፣ «የሁለት ዓመት ልጅ ቅዳሜ እናቷን ሳታይ ቀረች።»

«ጮክ በይ» አሉ አዮ። «ኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ጮክ ብዬ ደገምኩት።

እኔ ከሳቸው በፊት ወጣሁ። እሳቸው ከተፈቱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከጋዜጣቸው አንድ ቅጂ እንኳ የት እንደማገኝ አላውቅም፤ ራሳቸውም «በርበሬ ተጠቅልሎባት አልቃለች» እያሉ ይስቁ ነበር። ያ ቦታ ይናፍቀኛል ብል ያበድኩ ይመስላል። መጋዘኑስ ይቃጠል። የሚናፍቀኝ ከቆጠራ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። አሁን ሚኒባስ ውስጥ በወሬ ስንቱ ይገደላል፣ ስንቱ ይሾማል፣ ስንቱ ይታሰራል። «አንተ ራስህ አየህ?» ስል ነገረኛ ይሉኛል። ይበሉኝ።

በቀደም መናኸሪያው በር ላይ የቢላዋን ሴት አገኘኋት። ከመኪና እየወረደች ነው። ስታየኝ ቆመች። ያኔም ወዳጆች አልነበርንም፣ አሁንም አይደለንም። አልፋኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ከኋላዋ ቀሚሷን የያዘች፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ አለች። ትከሻዋን ይዛ ወደ ፊት አመጣቻት።

«ይቺ ናት» አለችኝ።