የከሰዓት ጠያቂዎቼ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምሞት የመሰለኝ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ፣ ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ሴትዮ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ነው። ልቤ ያለምንም ምክንያት ተነስቶ መጋለብ ጀመረ። እጆቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ። ሜትሩን ጥዬ ወደ ውጭ ስሮጥ ሴትየዋ ሌባ ያየሁ መስሏት "ያዘው!" እያለች ተከተለችኝ። ዛሬ ሲወራ ያስቃል። ያን ቀን ግን ልጄን ሳልሰናበት ልሄድ ነው ብዬ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ሆስፒታል ያደረሰኝ ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮኝ ያደገው ባለባጃጅ ጓደኛዬ ነው። መንገዱን ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ፣ "አቦ እንዳትሞትብኝ! ወላሂ ብትሞት አልለቅህም!" እያለ በረረ። "ወላሂ" የሚለው ክርስቲያን ሆኖ ነው፤ ድሬ ላይ መሐላ የሁሉም ነው። ሆስፒታል ልቤን በማሽን አዩት፣ ደሜን መረመሩ፣ ከዚያ "ጤነኛ ነህ፣ ምንም የለብህም" ብለው ሸኙኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ምንም የሌለበት ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል?

ከዚያ በኋላ ተመላለሰብኝ። ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንድ ቀን ደግሞ መስጊድ ለሶላት በቆምኩበት። ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ሳይመጣም "ሊመጣ ነው" እያልኩ መፍራት ጀመርኩ። ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ ቤት ዋልኩ። ምን ነካህ ላለኝ ሁሉ "ሙቀቱ ነው" እላለሁ። እኛ ከተማ በሙቀት የማይሳበብ ነገር የለም።

ጓደኞቼ ግን አልተዉኝም። ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ሱቅ ይዘጋል፣ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ከወዳጁ ጋር ጋደም ብሎ ጫት ይቅማል። የታመመ ካለ ደግሞ በርጫው፣ የቃሚዎቹ ስብስብ፣ እሱ ቤት ይሆናል። ጠያቂ ጫቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ለበሽተኛው የሚሻለውን ቀንበጥ መምረጥ የፍቅር ምልክት ነው። ባለባጃጁ ለራሱ ጠንካራውን ቅጠል እያስቀረ ለስላሳውን ለእኔ ይቀነጥስልኝ ነበር። "ይቺን ብላት፣ ልብህን ታረጋጋልሃለች" ይለኛል። እቀበለዋለሁ። እንስቃለን፣ እናወራለን፣ ለጥቂት ሰዓት የዳንኩ ይመስለኛል። ሊመሽ ሲል ጠያቂዎቼ ይበተናሉ፣ ያ ነገር ይመጣል። ይህን ሲሰሙ በማግስቱ "ትናንት አንሶብህ ነው" ብለው ጨምረው ያመጡልኛል።

ባለቤቴ የአእምሮ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለኝ ጮህኩባት።

"እብድ ነኝ እንዴ?"

"እብድ አይደለህም" አለችኝ ረጋ ብላ። "ግን ዛሬ ጠዋት ልጅህ ትምህርት ቤት አድርሰኝ ስትልህ ከበር ተመልሰሃል። እያየችህ ነበር።"

ማንም እንዳያውቅ ብዬ አስምያት ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከደጋ የመጣች መሆኗን ያወቅኩት "እርስዎ" ስትለኝ ነው። እኛ አባታችንንም "አንተ" እያልን ነው ያደግነው። "እርስዎ" ስባል በቃ አልቆልኛል፣ አውቃ ነው ያከበረችኝ ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን አልቸኮለችም። የሚሰማኝን መናገር ስጀምር ቀሪውን ራሷ ጨረሰችልኝ፤ ደረቴን፣ እጆቼን፣ ልሞት ነው ማለቴን፣ ሁሉንም።

"ፓኒክ ይባላል" አለችኝ። "አደጋ ሳይኖር ሰውነትዎ አደጋ አለ ብሎ ይነሳል። በጣም ያስፈራል፣ ግን ሞት አይደለም። ከፍ ይልና መልሶ ይወርዳል።"

ስም እንዳለው ስሰማ ዕንባዬ መጣ። እስከዚያ ሰዓት በእኔ ላይ ብቻ የወረደ ነገር ይመስለኝ ነበር። መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ ቶሎ እንደማይሠራና በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጠው አስጠነቀቀችኝ። ትንፋሽን በዝግታ ማስወጣት አሳየችኝ፣ እየመጣሁ እንድናወራም ቀጠሮ ሰጠችኝ። በመጨረሻ ከሰዓት ከሰዓት ምን እያደረግኩ እንደምውል ጠየቀችኝ።

"ምንም፤ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፣ እንቅማለን።"

መጻፏን አቁማ ቀና አለች። "ጫት ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሕመሙን ያመጣው እሱ ብቻ ነው አልልም። ግን በየቀኑ እየቀሰቀሰብዎት ነው።"

ባለቤቴ አየችኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። ያስጨነቀኝ ጫቱ አልነበረም፣ ሰዎቼ ነበሩ። በርጫ የተወን ሰው ማንም አይጠላውም፣ ሰላምታም አይነፍገውም። ግን ከሰዓቱን ከማን ጋር ያሳልፋል? ጨዋታችን፣ እርቃችን፣ ምክራችን ያለው እዚያው ፍራሽ ላይ ነው። ብድን ጓደኞቼን አጣለሁ፣ ጓደኞቼን ብይዝ አልድንም። እንዲህ ነው የታየኝ።

በማግስቱ እንደተሰበሰቡ ሁሉንም ነገርኳቸው። የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄዴን፣ በሽታዬ ፍርሃት መሆኑን፣ ጫት መተዌን። አንዱ "አቦ፣ ሐኪሞች ደግሞ ሁሉንም በጫት ነው የሚያሳብቡት!" ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ባለባጃጁ የቀነጠሰልኝን ቀንበጥ መልሶ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ቀን በኋላ መምጣት ተዉ። ለእኔው ብለው፣ አይቼ እንዳልጎመዥ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አኮረፍኩ። ከተማው በየቤቱ ተሰብስቦ ሲጫወት ብቻዬን ጣሪያ እያየሁ ጋደም ማለት ከሕመሙ ያልተናነሰ ከበደኝ። መድኃኒቱን ልጥለው ደርሼ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ባለባጃጁ ነው። ብብቱን አየሁት፣ ባዶ ነው።

"ጫትህስ?"

"ዛሬ አልቃምኩም" አለና ከፍራሹ ማዶ ተቀመጠ።

ይህ ሰው ለአቅመ አዳም ከደረሰ ወዲህ በዚህ ሰዓት ሳይቅም አይቼው አላውቅም። ፊቱ ጠቁሯል። ያዛጋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ የጫት ሀራራው እግሩን ያንቀጠቅጠዋል። ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶበታል።

"ሂድ ቃም፣ ታስጠላለህ" አልኩት።

"አንተም ታስጠላለህ። ዝም በል።"

ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ እየወረደብን ሳለ ልቤ ተነሳ። እጄ ደነዘዘ።

"መጣ" አልኩት።

ድሮ ቢሆን ጮሆ፣ ውሃ ረጭቶ፣ ባጃጁን አስነስቶ ነበር። አሁን ተጠግቶ እጄን ያዘ። "ሐኪሟ ምን አድርግ አለችህ?"

"በዝግታ ተንፍስ።"

"እንተንፍስ እንግዲህ።"

አብረን ተነፈስን። የእኔ እጅ በፍርሃት፣ የእሱ በሀራራ ይንቀጠቀጣል፤ የትኛው የማን መንቀጥቀጥ እንደሆነ አይለይም። መሃል ላይ እያዛጋ ሥርዓቱን ያበላሻል፣ ይቅርታ ብሎ እንደገና ይጀምራል። ፍርሃቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ እየወረደ ሄደ። ወደ በሩ ሳልሮጥ ሲያልፍልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ሄደ?" አለኝ።

"ሄደ።"

"ነገም ይመጣል?"

"ሊመጣ ይችላል።"

ላቡን በእጅጌው ጠረገ። "ሀዬ፣ እሺ፣ እኔም እመጣለሁ" አለና አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋ።