ማነቂያ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠራል

ብርነሽ ወርቅአገኘሁ ድምጿ ትልቅ ነው። ይህን የሚሉት የሚያሟት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ እሷም ትለዋለች። ጎረቤላ ገበያ መሃል ቆማ ሰው ስትጣራ የተጠራው ቀርቶ ያልተጠራውም «አቤት» ብሎ ይዞራል። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ረጅምና ቀጭን ናት፤ ሳቋ ቶሎ ይመጣል፣ ቁጣዋ ደግሞ ከሳቋ ይቀድማል። ሥራዋ በቅሎ መንዳት ነው። በዚያ አገር ከእሷ በፊት ሴት በቅሎ ነጂ አልነበረም፤ ከእሷ በኋላም እስካሁን አልመጣም። ለዚህ ማንንም ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም።

የእሷ መንገድ ከጎረቤላ ወጥቶ ወደ ቆላ የሚወርደው የድሮው የነጋዴ መንገድ ነው። መጀመሪያ በአስታ ቁጥቋጦና በጅብራ ተክል መሃል ለመሃል ያልፍና ሰፊ ሜዳ ላይ ይወጣል። መስከረም ላይ ሜዳው አደይ አበባ ብቻ ነው፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከከተማ የመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ያው ነው፦ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ስልኩን ያወጣል። ከሜዳው ማዶ ማነቂያ ይጀምራል። ማነቂያ ገደሉ ወገብ ላይ የተጠረበ መተላለፊያ ነው፤ ስፋቱ ለአንድ የተጫነች በቅሎ ብቻ ይበቃል። በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር ነው። መሃሉ ላይ ስለሚታጠፍ በአንደኛው አፍ የቆመ ሰው በሌላኛው የሚገባውን አያይም። ቀኑ ሲጠራ ከላይኛው አፍ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ቆላው ውስጥ ያለው ሐይቅ ሰው ረስቶት የሄደ ትሪ መስሎ ያበራል። ከሰዓት በኋላ ግን ጉም ከታች ይነሣና ሐይቁንም ገደሉንም የራስንም እግር ይውጣል።

በማነቂያ በሁለቱም አፍ አንዳንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ መጥሪያ ድንጋይ ይባላል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው እዚያ ይቆምና «ማን አለ ማነቂያ!» እያለ ሦስት ጊዜ ይጣራል። የመጀመሪያው ጥሪ ቅርብ ላለ ነው፣ ሁለተኛው መታጠፊያው ላይ ላለ፣ ሦስተኛው ከመታጠፊያው ወዲያ ላለ። በየመሃሉ ቆም ብሎ ያዳምጣል። ውስጥ ሰው ካለ «ጭነት!» ብሎ ይመልሳል፤ ያኔ ውጭ ያለው ጥጉን ይዞ ያሳልፋል። ይህ ሕግ የተጻፈበት ወረቀት የለም። የጣሰ ሰው ምን እንደሚከፍል ግን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ብርነሽ ያወቀችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ወርቅአገኘሁ ገብስ ጭነው እሷን አስከትለው ሲወርዱ ዝናብ ሊይዛቸው ደረሰ። ቸኮሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጣሩና ገቡ። መታጠፊያው ላይ ከቆላ በርበሬ ጭኖ ከሚወጣ ነጋዴ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። በቅሎ እዚያ ቦታ ላይ አትዞርም፤ ወደ ኋላም አትሄድም። ነጋዴው «ስንት ጊዜ ተጣሩ?» ብሎ ጠየቀ። አባቷ መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ከልጃቸው በቀር የሰማ አልነበረም። «አንድ ጊዜ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ጭነቱን አራገፉ፣ ልጓሙን አወለቁ፣ የበቅሏቸውን ግንባር አሻሹ፣ በገዛ እጃቸው ወደ ባዶው ገፏት።

ጭካኔ ነው የሚል ካለ ብርነሽ አትከራከረውም። ጭካኔ ነው። ስትወድቅ ያሰማችው ድምፅ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ግን ያን ቀን በርበሬ የጫነው ሰው ከነበቅሎው በሕይወት ወደ ቤቱ ገባ፤ አባቷም እሷም ገቡ። ሲገቡ አባቷ ያሏት አንድ ነገር ነው፦ «ሁለት ጥሪ ሰስቼ በቅሎ ከፈልኩ።»

ዘመኑ ተለወጠ። በታች በኩል የመኪና መንገድ ተሠራ፣ ነጋዴው ወደዚያ ዞረ፣ ማነቂያም ሊረሳ ደረሰ። ከዚያ እንግዳ መምጣት ጀመረ። ጀርባው ላይ ትልቅ ሻንጣ ተሸክሞ፣ በሁለት ዱላ እየተመረኮዘ፣ አበባውንና ሐይቁን ልይ ብሎ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ። «ጉም አናት» የሚባል የአስጎብኚዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩ ኪሩቤል ነው፣ ደብረ ብርሃን ተምሮ የመጣ፣ ጨዋና ትጉህ ወጣት። ድንጋዩ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ቀባ፣ ካርታ አሳተመ። ብርነሽንም ከበቅሎዋ ከሸጋ ጋር ቀጠራትና አረንጓዴ ማንጠልጠያ ያለው ባጅ አንገቷ ላይ አደረገላት። ሥራዋ የእንግዳ ጓዝ መጫንና የደከመውን ማፈናጠጥ ነበር። ባጁን ወደደችው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጭምር አታወልቀውም ነበር፤ ሴቶቹ ይስቁባት ነበር፣ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ጠቡ የመጣው በወፍ ነው። ሌላ አገር የማትገኝ አንዲት ትንሽ ወፍ ገደሉ ላይ ትኖራለች፤ እሷን ለማየት ባሕር ተሻግረው የሚመጡ አሉ። ሦስት ሰዓት ተጉዘው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሳሉ ብርነሽ «ማን አለ ማነቂያ!» ትላለች። ወፏ የለችም። እንግዶቹ አቤቱታ ጻፉ። ኪሩቤልም የማኅበሩን ሰዎች ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ በመንገዱ ላይ መጮህ ክልክል መሆኑን፣ ለመተላለፍ በስልክ መደዋወል እንደሚበቃ ተናገረ።

«ማነቂያ ውስጥ ስልክ ይሠራል?» አለች ብርነሽ።

«አንዳንድ ቦታ ላይ ይሠራል። ደግሞ እትዬ ብርነሽ፣ አሁን ማን ጭኖ ይመጣል? መኪና መንገድ አለ እኮ።»

«አባ ኃይለ ገብርኤልስ? ቤታቸው ገደሉ ሥር ነው። በየገበያው በአህያ ሽንኩርት ጭነው የሚወጡት በየት ይመስልሃል?»

«እሳቸው አንድ ሰው ናቸው።»

«አንድ ሰው ሰው አይደለም?»

ስብሰባው ሳቀ፤ ኪሩቤል ግን አልሳቀም። «ወፏን ካባረርን እንግዳው ይቀራል፣ እንግዳው ከቀረ ሁላችንም እንቀራለን» አለ። ይህም ውሸት አልነበረም። ብርነሽም «ወፏ ክንፍ አላት፤ ሸጋ ግን ክንፍ የላትም» ብላ ተነሥታ ወጣች።

ጳጉሜን ላይ ራሔል የምትባል ባለሙያ መንገዱን ልትገመግም መጣች። እሷ ጥሩ ከጻፈች ማኅበሩ ማረፊያ ቤት ይሠራለታል። ኪሩቤል ከመነሣታቸው በፊት ብርነሽን ወደ ጎን ጠራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባክዎን፣ እትዬ፣ የዛሬን ብቻ» አላት። ለመናት ማለት ይቀላል። ብርነሽ ልቧ ራራ፤ ሜዳውን እስኪያቋርጡ ድረስ ዝም ልበል ይሆን እያለች ሄደች። መጥሪያው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ግን እግሯ በራሱ ቆመ። የሸጋን ልጓም ያዘች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ሦስት ጊዜ ተጣራች። በየመሃሉም አልቸኮለችም።

ማንም አልመለሰላትም። ማነቂያ ባዶ ነበር። ራሔል ማስታወሻዋን ይዛ እንደ ቆመች፣ ኪሩቤል ፊቱ ቀልቶ እጁን ዘረጋ።

«ባጁን ይስጡኝ።»

ብርነሽ አወለቀችና ሰጠችው። «ባጁ የእናንተ ነው» አለች። «ድምፁ የኔ ነው።»

በሳምንቱ ማኅበሩ ጠራት። የይቅርታ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከፈረመች ባጁ ይመለስላታል። ብርነሽ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል በፊደል ነው የምታነበው። «ሳላነብ አልፈርምም» አለችና በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንድ ገጽ ናት፤ ሩብ ሰዓት ፈጀች። ማንም ሊያቋርጣት አልደፈረም። «ሁ-ለ-ተ-ኛ ላ-ል-ጣ-ራ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አነሣች፣ እስክሪብቶውን መልሳ ወረቀቱ ላይ አጋደመችው።

«ሥራዬን ወሰዳችሁ፤ ውሰዱ» አለች። «መንገዱን ግን ማኅበሩ አልወለደውም። ከዛሬ ጀምሮ በየገበያው ቀን ከቆላ ሽንኩርት ጭኜ እወጣለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ማነቂያ ውስጥ ነኝ፣ ከነሸጋ፣ ከነጭነቷ። የሚጣራ ይጣራ። የማይጣራ ደግሞ ማን እንደሚከፍል ሽማግሌ ይጠይቅ።»

ያለችውን አደረገች። ከባድ ነበር፤ የእንግዳ ሻንጣና የሽንኩርት ጆንያ አንድ አይደለም፣ ሸጋም እንደ ድሮዋ አይደለችም። ብርነሽ ጉልበቷን ሲያማት ማታ ማታ በጨውና በሙቅ ውኃ ታሸዋለች። ጎረቤቶቿ «ፈርመሽ ብትገላገይስ?» ሲሏት ትቆጣ ነበር፤ ስትቆጣ ደግሞ ያው ድምፅ ነው።

ከመስቀል በኋላ ባለው የገበያ ቀን አባ ኃይለ ገብርኤልና እሷ ከታች አብረው ተነሡ። የሽማግሌው አህያ እንደሳቸው አርጅታለች፤ «አንቺ ቅደሚ» አሏት። ብርነሽ ታችኛው ድንጋይ ጋ ደርሳ ሦስት ጊዜ ተጣራች፤ መልስ የለም፤ ገባች። ጉሙ የሸጋን ጆሮ ብቻ ነበር የሚያሳያት። መታጠፊያውን አልፋ ወደ ላይኛው አፍ ስትቃረብ የቃጭል ድምፅ ሰማች። ኮቴም ሰማች፣ የሰው ወሬም። ኪሩቤል እንግዶቹን ይዞ፣ ጓዝ የጫነ በቅሎ አስከትሎ ደርሷል።

ቃጭሉ ቆመ። ብርነሽም ቆመች። ሕጉ የውጭውን ነው የሚያስጠራው፤ ውስጥ ያለ ጠርቶ ጨርሷል። ጠበቀች። ምንም የለም። ሸጋ ጆሮዋን አቆመች። ብርነሽ ከአርባ ሁለት ዓመት በፊት ሲገፋ ያየችው ገላ ዓይኗ ላይ መጣባት። እልህ ጥሩ ነው፤ በቅሎ ገደል የሚያስገባ እልህ ግን የእሷ አይደለም። ቀድማ ልትጮህ አፏን ከፈተች።

«ማን አለ ማነቂያ!»

የእሷ ድምፅ አልነበረም። ቀጭን ነው፣ የተማሪ ቤት ድምፅ ነው፣ መጨረሻው ላይ ይሰነጠቃል። ብርነሽ ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ለማን እንደሆነ እሷም አላወቀችም።

«ጭነት!» አለች በሙሉ ድምፅዋ። «ቁም!»

ስትወጣ እንግዶቹ በተርታ አለቱን ተጠግተው ቆመዋል። ኪሩቤል መጥሪያው ድንጋይ ላይ ነው፤ የራሱ ባጅ ደረቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። «ይለፉ፣ እትዬ» አለ፤ ዓይኗን ግን አላያትም። እሷ እንዳለፈች የበቅሎውን ልጓም ይዞ ወደ ማነቂያ አፍ ዞረ።

«ቁም» አለችው። «አንድ ጊዜ ነው የተጣራኸው።»

«እርስዎ ወጡ አይደል እንዴ? ማን ቀረ?»

«ሁለት ይቀርሃል።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን ተመለከተ። ኪሩቤል እንግዶቹን አየ፣ እሷን አየ። ድንጋዩ ላይ ተመለሰና ሁለተኛውን ተጣራ። ጉሙ ዝም አለ። አንዷ እንግዳ በቀስታ ሳቀች። ኪሩቤል ሊወርድ እግሩን አነሣ፤ ብርነሽ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፣ ዓይኗንም አልነቀለችም። ሦስተኛውን ተጣራ፤ ይሄኛው ከሆዱ ነው የወጣው።

ከሩቅ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ያረጀና የደከመ ድምፅ መለሰ።

«ጭነት!»

የኪሩቤል እጅ ልጓሙን ለቀቀ። ወደ ብርነሽ ዞረ። «ያውቁ ነበር?» አላት።

«እኔ አውቅ ነበር። ሁልጊዜ ግን እኔ እዚህ አልቆምልህም።»

ሸጋን ወደ ሜዳው ነዳች፤ ገበያው ሳይበተን መድረስ አለባት። አደዩ ከጉሙ በላይ ፀሐይ ላይ ነበር። መሃሉ ላይ ስትደርስ የአባ ኃይለ ገብርኤል አህያ ከኋላዋ ብቅ አለች፣ ሽማግሌውም ተከተሉ። ያኔ ከገደሉ በኩል ጥሪ ተሰማ። ብርነሽ ቆማ በጣቷ እስከ ሦስት ቆጠረች። ኪሩቤል ከመግባቱ በፊት እንደገና ከአንድ ጀምሮ ነበር።